ፎርሙላ ዋን በጎንደር፦ ስለ ግጭት፣ ስለ ቅጣትና ስለ ቴሌቪዥን ስርጭት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ፎርሙላ ዋን የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም የሚከታተለው ሰው ከእግር ኳሱ ተመልካች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ክርክሩ ግን ከእግር ኳሱ አያንስም። ፒያሳ ካፌ ውስጥ የተጀመረ ሙግት ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ይቀጥላል፣ ማክሰኞ ዕለት ማራኪ ግቢ ተማሪዎች ዘንድ እንደገና ይነሳል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የተለቀሙት ከእነዚህ ክርክሮች ነው። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ሦስት ነገሮች ስለሚደባለቁ ይመስለኛል፦ መኪኖቹ ያደረጉት፣ ዳኞቹ የፈረዱትና ቴሌቪዥኑ ያሳየን። ስለዚህ መልሶቹ በተቻለ መጠን እነዚህን ለያይተው ይሄዳሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ውድድሩ በእኛ ሰዓት መቼ ነው? ለምንስ ሁልጊዜ ከእግር ኳስ ጋር ይጋጫል?

አብዛኞቹ የአውሮፓ ውድድሮች እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። የእንግሊዙ ሲልቨርስቶን 11 ሰዓት ነው። የጃፓኑ ሱዙካ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ቅዳሴ የሚያስቀድም ሰው መጀመሪያው ያመልጠዋል፤ የቻይናው ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ከቅዳሴ መልስ ይደረስበታል። የማያሚው ሌሊት 5 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነ ካፌ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ግጭቱ የሚመጣው ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ጋር ነው። የሊጉ የእሑድ ጨዋታ አውሮፓ በበጋ ሰዓት ላይ ስትሆን ልክ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ይሸጋገራል። ይህ ሁለተኛው የባሰ ነው። የአቡ ዳቢው የመዝጊያ ውድድር 10 ሰዓት ላይ ይጀመርና ተመልካቹ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ልክ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ውድድሩ ገና ሃያ ዙር ያህል ሲቀረው፣ የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን ያነሳል። የቡና ሒሳብ የሚከፍሉት አብዛኞቹ ደንበኞች የእግር ኳስ ሰዎች ስለሆኑ ባለቤቱን መውቀስ አይቻልም። መፍትሔው ሁለት ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት አስቀድሞ ማወቅና ከባለቤቱ ጋር ቅዳሜ መነጋገር ነው።

ቅጣት የሚወስነው ማን ነው?

እግር ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው አለ፤ ፎርሙላ ዋን ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። የውድድር ዳይሬክተሩ ውድድሩን ይመራል፦ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲደርስ ከፊት ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን በዝግታ የሚመራ መኪና) ያስገባል፣ ውድድሩን የሚያቆመውን ቀይ ባንዲራ ያስውለበልባል፣ አጠራጣሪ ድርጊት ሲያይ ለዳኞች ይመራል። የመቅጣት ሥልጣን ግን የለውም። የሚቀጡት ዳኞቹ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ውድድር ሦስት ወይም አራት ሆነው ይሰየማሉ። አንዱ የአስተናጋጇ አገር የሞተር ስፖርት ማኅበር የሚወክለው ሲሆን ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በመካከላቸው የቀድሞ አሽከርካሪ እንዲገኝ ተደርጓል። ሁሉም የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በኤፍአይኤ ሥር ነው።

ይህን ልዩነት መያዝ ግማሹን ክርክር ያቀልላል። «ዳይሬክተሩ ቀጣው» የሚል ሰው ከመነሻው ስቷል።

ቅጣቶቹም ደረጃ አላቸው። የ5 ሰከንድና የ10 ሰከንድ የሰዓት ቅጣት፣ ጎማ በሚቀየርበት በፒት መስመር ውስጥ በተገደበ ፍጥነት አልፎ መውጣት፣ ገብቶ 10 ሰከንድ ቆሞ መውጣት፣ ለቀጣዩ ውድድር መነሻ ቦታ መቀነስ፣ በመጨረሻም ከውድድሩ መሰረዝ። ከእነዚህ ጎን ለጎን የቅጣት ነጥብ ይመዘገባል፤ በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት አሽከርካሪ አንድ ውድድር ይታገዳል። አሠራሩ በ2014 ተጀምሮ የመጀመሪያው ታጋጅ ኬቨን ማግኑሰን ሆነ፤ በ2024 የባኩ ውድድር አምልጦት ወጣቱ ኦሊቨር ቤርማን ተተክቶለታል።

በ2021 አቡ ዳቢ ላይ የሐሚልተን ዋንጫ ተዘርፏል?

ይህ ጥያቄ ከዓመት ዓመት ስለማይበርድ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

ቀኑ ዲሴምበር 12 ቀን 2021፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። አሽከርካሪዎቹ ሉዊስ ሐሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ገቡ። ሐሚልተን አብዛኛውን ውድድር መራ። ከ58 ዙር 53ኛው ላይ ኒኮላስ ላቲፊ ግድግዳ መታና ሴፍቲ ካር ገባ። ቨርስታፐን ወዲያው ገብቶ አዲስ ለስላሳ ጎማ ቀየረ፤ ሐሚልተን መሪነቱን እንዳያጣ ፈርቶ በአሮጌ ጠንካራ ጎማው ቀረ። በሁለቱ መካከል በመሪው አንድ ሙሉ ዙር የተቀደሙ አምስት መኪኖች ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተቀደሙት መኪኖች ማለፍ አይችሉም ተባለ። ቀጥሎ የውድድር ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ እነዚያ አምስቱ ብቻ እንዲያልፉ ፈቀደ፤ ከኋላ የነበሩት ሌሎች የተቀደሙ መኪኖች ባሉበት ቀሩ። ደንቡ ደግሞ የመጨረሻው የተቀደመ መኪና መሪውን ካለፈ በኋላ ሴፍቲ ካሩ በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ላይ ይወጣል ይል ነበር፤ በዚያ ቀን ግን በዚያው ዙር ወጣ። አንድ ዙር ቀረ። አዲስ ጎማ የያዘው ቨርስታፐን አምስተኛው መታጠፊያ ላይ አለፈና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የሐሚልተን ቡድን መርሴዲስ ያቀረባቸውን ሁለት አቤቱታዎች ዳኞቹ ውድቅ አደረጉ። ማሲ በፌብሩዋሪ 2022 ከኃላፊነቱ ተነሣ። ኤፍአይኤ በማርች ያወጣው ሪፖርት የሰው ስሕተት መፈጸሙን፣ ማሲ በቅን ልቦና መሥራቱንና ውጤቱ የጸና መሆኑን ገለጸ። የደንቡም አነጋገር ተስተካክሎ የተቀደሙት መኪኖች «ሁሉም» እንዲያልፉ ግልጽ ተደረገ።

ስለዚህ መልሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ደንቡ በተጻፈበት መንገድ አልተፈጸመም፤ ይህን የኤፍአይኤ ሪፖርት ራሱ ያምናል። ቨርስታፐን ግን ምንም ያጠፋው ነገር የለም፤ መንገድ ሲከፈትለት ነዳ። «ተዘረፈ» የሚለው ቃል ዘራፊ ይፈልጋል፣ የተገኘው ግን በጭንቀት ውስጥ የተሳሳተ ባለሥልጣን ነው። ሐሚልተን የደረሰበት በደል እውነት ነው፤ ለዚያ በደል ሆላንዳዊውን መስደብ ሌላ በደል ነው።

በነገራችን ላይ ያን ቀን የቡድን ኃላፊዎች ከማሲ ጋር በሬዲዮ ሲከራከሩ ሁላችንም በቀጥታ ሰምተናል። ከ2022 ጀምሮ እንዲህ ያለው ቀጥታ ግንኙነት ተከልክሏል። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ዳኛ እየወሰነ ሳለ ባለጉዳይ ጆሮው ሥር ሊጮህ አይገባም።

ሰው ገጭቶ ያስወጣ አሽከርካሪ እንዴት ውድድሩን ያሸንፋል?

የሚጠቀሰው የሲልቨርስቶን 2021 ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ዙር፣ ኮፕስ በተባለው ፈጣን መታጠፊያ ሐሚልተንና ቨርስታፐን ተነካኩ፤ ቨርስታፐን የመሬት ስበት 51 እጥፍ በሆነ ኃይል ግድግዳ መትቶ ሆስፒታል ገባ። ሐሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጣ፣ ቅጣቱን ፈጸመ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ዙር ገደማ ሲቀረው ሻርል ለክለርን አልፎ አሸነፈ።

ዳኞች የሚመዝኑት ጥፋቱን ነው፣ የጥፋቱን ውጤት አይመዝኑም። አንዱ ሆስፒታል ገባ፣ ሌላው ዋንጫ አነሣ የሚለው በሚዛኑ ላይ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ እኔ ግን መርሁ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በተመሳሳይ ቀላል ስሕተት አንዱ መኪና ጠጠር ላይ ቆሞ ሌላው ግድግዳ ቢመታ ልዩነቱን የፈጠረው ዕድልና የቦታው አቀማመጥ ነው። ቅጣትን በዕድል መለካት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ለዚያ ዓይነት ጥፋት 10 ሰከንድ በቂ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ እስከ ነገ መከራከር ይቻላል።

መታጠፊያ ላይ «ቦታው የእኔ ነው» የሚባለው መቼ ነው?

ለብዙ ዓመት ዳኞቹ የሚመሩበት ጽሑፍ በቡድኖቹና በፌዴሬሽኑ እጅ ብቻ ነበር፤ ተመልካቹ በጨለማ ይሟገት ነበር። በጁን 2025 ኤፍአይኤ የማሽከርከር ሥነ ሥርዓትና የቅጣት መመሪያዎቹን ለሕዝብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በግምት መከራከር ሰበብ የለውም።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በውስጥ በኩል የሚያልፍ መኪና ቦታ ሊሰጠው የሚገባው፣ ወደ መታጠፊያው እምብርት (መኪናው ለውስጠኛው ጠርዝ በጣም ወደሚቀርብበት ነጥብ) ሲደርስና እምብርቱ ላይ ሳለ፣ የፊት ጎማዎቹ መሥመር ቢያንስ ከተቀዳሚው መኪና መስታወት ጋር ሲስተካከል ነው። በውጭ በኩል ለሚያልፈው መስፈርቱ ይጠነክራል፤ የፊት ጎማዎቹ እምብርቱ ላይ ከተቀዳሚው የፊት ጎማዎች መቅደም አለባቸው። በዚህ ላይ መኪናውን ተቆጣጥሮ፣ ከመንገዱ ሳይወጣ መታጠፍ መቻል አለበት።

እንግዲህ ድጋሚ ምስሉ ሲመጣ ዓይን የት መሆን እንዳለበት ታውቋል። የመነካካቱን ቅጽበት ይተዉት። ከዚያ በፊት፣ ሁለቱ ወደ እምብርቱ ሲገቡ፣ የውስጠኛው መኪና የፊት ጎማ የት ነው? ከሌላው መስታወት በስተኋላ ከሆነ ገና መብት አላገኘም። ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ካለው ካሜራ ይህ በደንብ ይታያል፤ ከሄሊኮፕተር የተነሣው ምስል ደግሞ ርቀቱን በትክክል ያሳያል። ከመንገድ ዳር የተነሣው ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ይህ መስፈርት ራሱ ክርክር ያመጣል። በ2024 ኦስቲን ላይ ላንዶ ኖሪስ ቨርስታፐንን በውጭ በኩል ሲያልፍ ሁለቱም ከመንገድ ወጡ፤ ኖሪስ ከመንገድ ወጥቶ ጥቅም አገኘ ተብሎ 5 ሰከንድ ተቀጣ። ብዙዎች ፍሬን አዘግይቶ እምብርቱ ላይ ቀድሞ የሚደርስ ተከላካይ ሁልጊዜ ይረታል ማለት ነው ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ነበረው። በሚቀጥለው ሳምንት ሜክሲኮ ላይ ቨርስታፐን ያንኑ መንገድ በኖሪስ ላይ ሲሞክር ሁለት ጊዜ 10፣ በድምሩ 20 ሰከንድ ተቀጣ። አንድ ጽሑፍ በሳምንት ልዩነት እንዲህ የሚለያይ ውጤት ሲሰጥ ተመልካች ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ነጩን መስመር በማለፍ የሚሰጠው ቅጣት አይበዛም?

መንገዱ ማለት ነጩ መስመር ነው። አራቱም ጎማ ከመስመሩ ውጭ ከወጣ መኪናው ከመንገድ ወጥቷል። በውድድር ጊዜ ሦስተኛው ጥፋት ላይ የማስጠንቀቂያው ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ይታያል፣ አራተኛው ላይ 5 ሰከንድ ይመጣል።

ነገሩ ከልክ ያለፈው በ2023 ኦስትሪያ ላይ ነው። ለምርመራ የቀረቡት አጠራጣሪ አጋጣሚዎች ከ1,200 በላይ ነበሩ፤ ዳኞቹ በውድድሩ ሰዓት ሁሉንም ማየት አልቻሉም። አስቶን ማርቲን የተባለው ቡድን አቤት ብሎ እንደገና ሲመረመር ስምንት አሽከርካሪዎች ተጨማሪ ቅጣት ተቀበሉ፣ ውጤቱም ማምሻውን ተቀየረ። በሚቀጥለው ዓመት ችግሩን የፈታው ተጨማሪ ዳኛ ሳይሆን ጠጠር ነው፦ ዘጠነኛውና አሥረኛው መታጠፊያ ዳር ላይ ቀጭን የጠጠር መደብ ተሠራ። መስመሩን ያለፈ ሁሉ ጊዜ ስለሚያጣ ማንም መውጣት አልፈለገም።

መኪናው ቀድሞ ሲነቃነቅ በዓይናችን አይተን ለምን አልተቀጣም?

በ2024 ጅዳ ላይ የኖሪስ መኪና የመነሻው መብራት ጠፍቶ ውድድሩ ሳይጀመር ሲነቃነቅ ታይቷል። ያን ጊዜ ደንቡ የሚፈርደው በዓይን ሳይሆን መኪናው ላይ በተገጠመው መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው አላስመዘገበም፣ ስለዚህ አልተቀጣም። በኋላ አንቀጹ ተሻሽሏል።

ሻምፓኝ ከተረጨ በኋላ ውጤት ለምን ይቀየራል?

በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው የመኪናው ቴክኒካዊ ምርመራ ነው፤ ይህ ከውድድሩ በኋላ ስለሚደረግ መዘግየቱ ግድ ነው። በ2024 ቤልጅየም ላይ ጆርጅ ራስል አሸንፎ መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ መኪናው ከተወሰነው ዝቅተኛ ክብደት 1.5 ኪሎ ጎድሎ ተገኘና ተሰረዘ፤ ድሉ ለሐሚልተን ተሰጠ። በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ የማክላረን ቡድን ሁለቱም መኪኖች ከሥራቸው የተገጠመው ጣውላ ከሚፈቀደው 9 ሚሊ ሜትር በታች ተፍቆ በመገኘቱ ኖሪስና ፒያስትሪ ተሰረዙ። በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ዳኞች የሚያመዛዝኑት ነገር የለም፤ ሚዛኑና መለኪያው ተናግሯል። ጥቅም አገኘበት አላገኘበትም የሚል ሙግት አይሰማም፣ መሰማትም የለበትም።

ሁለተኛው በውድድሩ ጊዜ የተደረገ ድርጊት ዘግይቶ ሲፈረድበት ነው፤ ይህኛው ያናድደኛል። በ2023 ጅዳ ላይ ፈርናንዶ አሎንሶ መነሻ ቦታው ላይ ተዛንፎ በመቆሙ 5 ሰከንድ ተቀጣ። ቅጣቱን ፒት ውስጥ ሲፈጽም የኋላው ክሪክ መኪናውን ነካ፤ ይህም እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ጉዳዩ የታየው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ አሎንሶ ሦስተኛ ሆኖ ዋንጫውን ከተቀበለ በኋላ 10 ሰከንድ ተጨመረበትና ወረደ። ያንኑ ሌሊት ቡድኑ ክሪክ መንካት በፊት ያልተቀጣባቸውን ምሳሌዎች አቅርቦ አስቀየረ፣ አሎንሶም ሦስተኛነቱ ተመለሰለት። በአንድ ምሽት ሰጥቶ፣ ነሥቶ፣ መልሶ መስጠት የዳኝነትን ክብር ይነካል። ድርጊቱ ከውድድሩ አጋማሽ በፊት የተፈጸመ ነበር፤ ለማየት ጊዜ ነበራቸው።

ያለፈ ውጤት ግን በማንኛውም ጊዜ አይከፈትም። በ2008 ሲንጋፖር ላይ ኔልሰን ፒኬ ጁኒየር በቡድኑ ትእዛዝ ሆን ብሎ መኪናውን እንዳጋጨ በሚቀጥለው ዓመት ታወቀ፤ ሰዎች ተቀጡ፣ የውድድሩ ውጤት ግን ሳይሰረዝ ቀረ። በዚያ ዓመት ሻምፒዮናውን በአንድ ነጥብ ያጣው ፊሊፔ ማሳ ጉዳዩን ለንደን ፍርድ ቤት ወስዶታል።

ዳኞቹ ለአንድ ቡድን ያደላሉ?

ማስረጃ ያለው ያምጣ። የሚታየው ችግር ሌላ ነው፦ ዳኞቹ ከውድድር ውድድር ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ ጥፋት የተለያየ ቅጣት ይታያል። የአሽከርካሪው የሰባስቲያን ቬትል ደጋፊ በ2019 ካናዳ ላይ አንደኛ ሆኖ ገብቶ በ5 ሰከንድ ቅጣት ድሉን ለሐሚልተን ማጣቱን ያነሣል፣ የሐሚልተን ደጋፊ አቡ ዳቢን፣ የቨርስታፐን ደጋፊ ሲልቨርስቶንን። ሁሉም «የተበደልኩት እኔ ነኝ» የሚል ከሆነ ከማድላት ይልቅ ወጥነት ማጣት ይመስላል።

ወጥነት ያለው ቋሚ የዳኞች ቡድን ይኑር የሚሉትን እደግፋለሁ። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚሠራ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ዳኛ ያስፈልጋል። በጃንዩዋሪ 2025 ኤፍአይኤ ከቀድሞው አሽከርካሪ ከጆኒ ሄርበርት ጋር የተለያየው ዳኝነትንና በመገናኛ ብዙኃን አስተያየት መስጠትን አብሮ ማስኬድ አይቻልም በሚል ነው። ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት ይህ ነበር።

በዝናብ ውድድር ማቆም ፍርሃት አይደለም?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ሰዎች በቀልድ መልክ ሲያነሡት እንኳ እቃወማለሁ።

ኦክቶበር 5 ቀን 2014፣ ሱዙካ። ዝናብ እየዘነበ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ የማንሻ ትራክተር ሊያወጣው ገባ፤ ቦታው ላይ ፍጥነት ቀንሱ የሚል ሁለት ቢጫ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ዡል ቢያንኪ በዚያው ቦታ ከመንገድ ወጥቶ ትራክተሩን መታ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በጁላይ 2015፣ አረፈ። ሴፍቲ ካር ሳይገባ ሁሉም መኪና በአንድነት ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድደው ምናባዊ ሴፍቲ ካር በ2015 የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም ሆኖ በ2022 እዚያው ሱዙካ ላይ፣ በከባድ ዝናብ ውስጥ፣ አሽከርካሪው ፒየር ጋስሊ በማንሻ መኪና አጠገብ አልፎ በሬዲዮ ሲጮህ ተሰማ። ጩኸቱ የፍርሃት ሳይሆን የቁጣ ነበር።

በ2021 ቤልጅየም ላይ ግን ሌላ ጥፋት ተሠራ። ለሰዓታት ከተጠበቀ በኋላ ከሴፍቲ ካር ጀርባ ጥቂት ዙር ብቻ ተነድቶ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ። ማቆሙ ትክክል ነበር፤ ያልተካሄደን ውድድር እንደ ተካሄደ ቆጥሮ ነጥብ ማደል ግን ዝናብ ውስጥ የቆመውን ሕዝብ መናቅ ነው። ከ2022 ወዲህ ቢያንስ ሁለት ዙር ያለ ሴፍቲ ካር ካልተሮጠ ነጥብ አይሰጥም።

ቴሌቪዥኑ ዋናውን ፍልሚያ ትቶ ለምን ሌላ ነገር ያሳያል?

በመላው ዓለም የምናየው አንድ ምስል ነው። እዚህ በሱፐርስፖርት የሚታየውም፣ ሎንዶን የሚታየውም ከአንድ ምንጭ ይወጣል፤ የሚያዘጋጀው ፎርሙላ ዋን ራሱ ነው፣ ትልቁ የማሰናጃ ማዕከሉም እንግሊዝ አገር ቢጊን ሂል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ «ዲኤስቲቪ ቆረጠብን» የሚለው ክስ ለምስል ምርጫው አይሠራም። ምርጫው የአንድ ዳይሬክተርና የባልደረቦቹ ነው፤ መኪኖቹ ሁሉ መንገዱ ላይ ተበትነው ሳሉ በየሰከንዱ አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ሞናኮ ለረጅም ዘመን የተለየች ነበረች፤ ምስሉን የሚያዘጋጀው የአገሩ ጣቢያ ነበር። በ2021 ቬትል ከፒት ሲወጣ ከጋስሊ ጋር ጎን ለጎን ሽቅብ እየተፋለሙ ሳለ ምስሉ ተቆርጦ ላንስ ስትሮል መዋኛው አካባቢ ጠርዝ የዘለለበት ድጋሚ ምስል ገባ። ማለፍ ብርቅ በሆነበት ከተማ የዓመቱን ፍልሚያ አስመለጠን። ከ2023 ጀምሮ የሞናኮንም ሥራ ፎርሙላ ዋን ተረክቧል፤ ለውጡም ይታያል።

አሁንም የሚከፋኝ የዘመዶችና የታዋቂ ሰዎች ፊት ነው። መኪና ሊያልፍ ሲል የአሽከርካሪውን እጮኛ ማሳየት የሥራውን ዓላማ መርሳት ነው።

ከባድ አደጋ ሲደርስ ድጋሚ ምስሉ ለምን ይዘገያል?

አሽከርካሪው ደኅና መሆኑ ሳይታወቅ አይታይም። በኖቬምበር 2020 ባሕሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረቱን አጥር ሰንጥቆ ለሁለት ተከፍሎ በእሳት ሲጋይ ምስሉ ወዲያው ርቆ ሄደ። ግሮዣን ግማሽ ደቂቃ ገደማ እሳት ውስጥ ቆይቶ በራሱ እግር ወጣ፤ ድጋሚው የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቦቹም እንደ እኛው በቴሌቪዥን እያዩ እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ደጋግመው ማሳየታቸውን አሽከርካሪው ዳንኤል ሪካርዶ በይፋ ነቅፏል፤ እኔም ከሪካርዶ ጋር ነኝ።

በምስል ላይ መኪኖቹ ለምን ተጣብቀው ይታያሉ?

ከሩቅ የሚያነሣ ረጅም ሌንስ ርቀትን አሳጥሮ ያሳያል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 83 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የአንድ ሰከንድ ልዩነት ያላቸው ሁለት መኪኖች በቀጥታው መንገድ ላይ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙም ያልተናነሰ ክፍተት አላቸው። ከፊት ለፊት ሲታዩ ግን የተነካኩ ይመስላሉ። «አስጠግቶ ገፋው» ከማለት በፊት ከላይ የተነሣውን ምስል ወይም የሰከንድ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል።

በክረምት ምስሉ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

ሲልቨርስቶን፣ ስፓና ሀንጋሪ የሚውሉት በሐምሌ አካባቢ፣ የጎንደር ዝናብ በበረታበት ወቅት ነው። በሳተላይት የሚመጣው ምልክት ከባድ ዝናብ ሲያጋጥመው ይደክማል፤ ይህ የትም አገር ያለ ነው። ዲሹ ትንሽ እንኳ ከአቅጣጫው ከተዛነፈ በበጋ ሳይታወቅ ይቆይና በመጀመሪያው ዶፍ ይጋለጣል። ክረምት ሳይገባ ባለሙያ አስጠርቶ ማስተካከል፣ የገመዱ ጫፍ ውኃ እንዳያስገባ ማሸግ ብዙ ይረዳል።

ስልክ ላይ ያለው ከቴሌቪዥኑ ለምን ይለያል?

በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ከሳተላይቱ ይዘገያል፤ የሰዓት መቁጠሪያው ገጽ ግን ከሁለቱም ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ የሚያየው ሌላው ገና ያላየው ነው። ስልክ ይዞ የሚከታተል ሰው ያወቀውን ለራሱ ቢይዝ መልካም ነው። የመጨረሻ ዙር ላይ «ወጣ!» ብሎ መጮህ አብረውት የተቀመጡትን ሰዎች ደስታ መቀማት ነው።

የዳኞቹን ውሳኔ የት ማንበብ ይቻላል?

በኤፍአይኤ ድረ ገጽ ላይ፣ በየውድድሩ ስም ሥር፣ ሰነዶቹ በቁጥር ተደርድረው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ገጽ አይበልጡም፤ በሞባይል ዳታም አይከብዱም። ከላይ የመኪናው ቁጥርና የአሽከርካሪው ስም፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከዚያ የተፈጸመው ድርጊት፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ውሳኔው፣ በመጨረሻም ምክንያቱ ይጻፋል። ከታች የዳኞቹ ስም አለ።

ከሁሉም በላይ ምክንያቱን ያንብቡ። ዳኞቹ ስንት ካሜራ እንዳዩ፣ አሽከርካሪዎቹ ቀርበው ምን እንዳሉ፣ መሪውን ወይም ፍሬኑን በተመለከተ የመኪናው መረጃ ምን እንዳሳየ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል፤ ይህ በቴሌቪዥን አይታይም። ሳይቀጣ የታለፈ ጉዳይም ቢሆን ተመርምሮ ከነበረ ለምን እንደታለፈ የሚገልጽ ሰነድ ሊኖረው ይችላል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ካለ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚያነብለት አይጠፋም፤ ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ማታ፣ ሰው ሳይበተን ይወጣል።